የሾላው ውል ዋስ ማን ነው?

ነገር ተከድኖ እንዲታለፍ ሲፈለግ «ሾላ በድፍን» ይባላል። አባባሉን የወለደው የፍሬው ጠባይ ነው። ሾላን ከፍተው ቢያዩት ውስጡ በጥቃቅን ነፍሳት ይርመሰመሳል፤ ሳይከፍቱ የጎረሱት ግን ይጣፍጣል። ነፍሳቱን ብዙ ሰው ፍሬው ሲበላሽ የሚገቡ ትሎች ያደርጋቸዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ያለ እነሱ ሾላ ዘር አይቋጥርም፤ እነሱም ከሾላ በቀር የሚወለዱበት ቤት የላቸውም።

ነፍሳቱ ተርቦች ናቸው፤ ቁመታቸው ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በዛፉና በተርቧ መካከል ያለው ግንኙነት ውል ይመስላል። ተርቧ ከሌላ ሾላ የአበባ ብናኝ ታመጣለች፤ ዛፉ በምላሹ ከአበቦቹ ከፊሉን ለልጆቿ ማሳደጊያ ይለቃል። ልጆቿ የሚበሉት እያንዳንዱ አበባ ዘር ሊሆን ይችል የነበረ ነው። ታዲያ ተርቧ ሁሉንም አበባ ለምን አትወስድም? ብናኝ መሸከም ድካም ከሆነስ ባዶ እጇን ገብታ ለምን አትወልድም? በአገራችን ልማድ ውል ያለ ዋስ አይጸናም። ለዚህ ውል ዋስ የሆነው ማን ነው? ይህ ዳሰሳ ጥያቄው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ይቃኛል።

በቅድሚያ የስም ነገር። እዚህ ላይ ሾላ የምንለው በሳይንሳዊ ስሙ ፊከስ ሲኮሞረስ የሚባለውን ነው፤ በአንዳንድ አካባቢ ባምባ ይሉታል። ሾላ የሚለው ስም ቅርብ ዘመዱን ፊከስ ሱርንም ይጠራበታል። ዋርካ፣ ማለትም ፊከስ ቫስታ፣ የዚሁ ወገን ነው። በዓለም ላይ የሚታወቁት የፊከስ ዝርያዎች ከ750 ይበልጣሉ።

የጥያቄው አመጣጥ

ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ባቢሎን ቴምር ሲተርክ በሾላ ዘመድ በበለስ ፍሬ ውስጥ የሚገቡትን ነፍሳት ለማነጻጸሪያ አንስቷቸዋል። አሪስጣጣሊስም ነፍሳቱ ከዱር በለስ ወጥተው ወደ እርሻው በለስ እንደሚገቡ፣ ፍሬውም ሳይረግፍ እንዲቆይ እንደሚያደርጉ ጽፏል። ሁለቱም ያዩት ውጤቱን ነው። የአበባ ብናኝ ምን እንደሚሠራ በዘመናቸው አይታወቅም ነበር፤ የበለስ አበባም ከዓይን የተሰወረ ነው።

የሾላ ታሪክ ደግሞ የራሱ መዝገብ አለው። ከጥንታዊ የግብፅ መቃብሮች በወጡ የደረቁ ሾላዎች ላይ የስለት ጠባሳ ይታያል። የአሪስጣጣሊስ ተማሪ ቴዎፍራስጦስ፣ የግብፅ ሾላ በብረት ካልተጫረ እንደማይበስል፣ ከተጫረ ግን በአራተኛው ቀን እንደሚደርስ መዝግቧል። ነቢዩ አሞጽ በትንቢቱ ምዕራፍ 7 የጠቀሰው የራሱ ሥራም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ፍሬ ለቃሚ ያደርገዋል፤ የግሪኩ ትርጉም ግን ፍሬ የሚጭር ይለዋል። በዕብራይስጡ የገባው «ቦሌስ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «በለስ» ጋር ዝምድና እንዳለው የሴም ቋንቋዎች መዝገበ ቃላት ያመለክታሉ።

ፍሬው ለምን ይጫራል? መልሱ የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ተመራማሪ ያዕቆብ ጋሊል ያጠናቸው የእስራኤል ሾላዎች ዘር አልነበራቸውም፤ የሚራቡት በቅርንጫፍ ተከላ ብቻ ነበር። ብናኝ የምታመጣው ተርብ በዚያ የለችም። ያለችው ሲኮፋጋ ሲኮሞሪ የተባለች ሌላ ተርብ ናት፤ ፍሬው ውስጥ ትገባለች፣ ትወልዳለች፣ ብናኝ ግን አታመጣም። ገበሬው ፍሬውን የሚጭረው ቁስሉ ኤትሊን የተባለውን የማብሰያ ጋዝ እንዲያመነጭና ፍሬው ተርቦቹ ሳያድጉ ቀድሞ እንዲደርስ ነው። ጋሊልና ባልደረቦቹ ይህን የኤትሊን ሚና እ.ኤ.አ. በ1972 በቤተ ሙከራ አሳይተዋል።

ጋሊልና ዳን አይሲኮቪች ሙሉውን ሥርዓት ለማየት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጡት ጥናት የሾላን ፍሬ ዕድሜ በአምስት ደረጃ ከፈሉት፤ ክፍፍሉ ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል። በአንድ የሾላ ፍሬ አፍ የሚገቡ ሦስት ተርቦች እንዳሉም ለዩ። አንደኛዋ ብናኝ የምታመጣው ሴራቶሶሌን አራቢከስ ናት። ሁለተኛዋ ሲኮፋጋ ናት። ሦስተኛዋ ሴራቶሶሌን ጋሊሊ ስትሆን ስሟን ያገኘችው ከጋሊል ነው። ይህች ሦስተኛዋ የአንደኛዋ የቅርብ ወገንና አምሳያ ሆና ሳለ ብናኝ አታመጣም። ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር በአንድም በሌላም መንገድ ወደ እሷ መመለሱ አይቀርም።

ለአንድ በር የተሠራ አካል

ሾላ ፍሬ ብለን የምንበላው በእርግጥ ወደ ውስጥ የተገለበጠ የአበባ ጉባኤ ነው። ክቡን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ከዳር እስከ ዳር የሸፈኑት እጅግ ጥቃቅን አበቦች ናቸው። ከውጭ የሚያገናኘው በር በጫፉ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ አፍ ናት፤ እሷም እርስ በርስ በተደራረቡ ቅርፊቶች ተዘግታለች። ንብም ሆነ ቢራቢሮ በዚያ አያልፍም።

የሴቷ ተርብ አካል ለዚህች በር እንደ ቁልፍ የተቀረጸ ነው። ጭንቅላቷ ጠፍጣፋና ሾጣጣ ነው፤ እንደ ሽብልቅ ከቅርፊቶቹ መካከል ይገባል። ከመንጋጋዋ ሥር ወደ ኋላ የሚዘረጋ ባለ ጥርስ ሰሌዳ አለ። እንደ ሞረድ የተደረደሩት ጥርሶቹ ቅርፊቱን እየነከሱ ስለሚይዙ አንድ ጊዜ ወደፊት ከሄደች ወደ ኋላ አትንሸራተትም። የፊትና የኋላ እግሮቿ አጫጭርና ጠንካራ ናቸው። በመተላለፊያው ስትታገል ክንፎቿ ይገነጠላሉ፣ የስሜት ቀንዶቿም ጫፍ ይሰበራል። ከገባች በኋላ ስለማትበር ክንፉ አያስፈልጋትም፤ ያ ፍሬ መቃብሯ ነው።

ከደረቷ በታች በግራና በቀኝ ክዳን ያላቸው ሁለት ትናንሽ ኪሶች አሉ። በፊት እግሮቿ መነሻ ላይ ደግሞ እንደ ማበጠሪያ የተሰለፉ ጸጉሮች አሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ብናኙ በሰውነቷ ላይ እንደ አቧራ ተለጥፎ በአጋጣሚ እንደሚጓዝ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የኮስታሪካው ዊልያም ራሚሬዝ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ጋሊልና አይሲኮቪች፣ ሳይነጋገሩ ተመሳሳይ ነገር ዘገቡ። ተርቧ ብናኙን በእግሯ እየጠረገች ኪሷን ትሞላለች፤ በአዲሱ ፍሬ ውስጥም እንቁላል እየጣለች ከኪሷ እያወጣች በአበቦቹ ላይ ታደርጋለች። በነፍሳት ዓለም ሆን ተብሎ የሚፈጸም የማዳቀል ሥራ ብርቅ ነው።

ወንዱ ከሴቷ ጋር ቢያስቀምጡት የአንድ ዝርያ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ክንፍ የለውም፤ ዓይኑ እጅግ ትንሽ ነው። ሆዱ እንደ ተጣጣፊ ቱቦ የሚረዝም ሲሆን ከሥሩ ታጥፎ ወደፊት ይደርሳል። ተወልዶ የሚሞተው በጨለማ ውስጥ በመሆኑ አካሉ ለሁለት ሥራ ብቻ ቀርቷል፤ ለማዳቀልና ለመቆፈር።

በአንድ ፍሬ ውስጥ ያለፈ ትውልድ

ሴቷ ስትገባ ሴቴዎቹ አበቦች ለብናኝ ደርሰዋል፤ ወንዴዎቹ ግን ገና ጨቅላ ናቸው። እንቁላል መጣያ መርፌዋን በአበባው አንገት ውስጥ ቁልቁል ሰድዳ በዘር ቋቱ ውስጥ አንድ እንቁላል ታስቀምጣለች። እንቁላል ያረፈበት አበባ አብጦ የጫጩቷ ጎጆ ይሆናል። ብናኝ ደርሶት እንቁላል ያላረፈበት ዘር ይቋጥራል። እናትየዋ ሥራዋን ጨርሳ እዚያው ትሞታለች።

ከሳምንታት በኋላ ቀድመው የሚወጡት ወንዶቹ ናቸው። በጨለማው እየዳሰሱ ሴት ያለችበትን እባጭ ፈልገው በጥርሳቸው ይበሱታል፤ ሆዳቸውንም በቀዳዳው አስገብተው ገና ያልወጣችውን ሴት ያዳቅሏታል። ቀጥሎ ተባብረው በፍሬው ግድግዳ ላይ መውጫ ይቆፍራሉ። አንዳንዶቹ ከቀዳዳው ወጥተው ይወድቃሉ፣ የጉንዳን ሲሳይም ይሆናሉ። ለራሳቸው የማይጠቀሙበትን በር ከፍተው መሞታቸው ነው።

የበሩ መከፈት ሌላም ሥራ አለው። ጋሊልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 በሕንድ በሚከበረው ፊከስ ሬሊጂዮሳ ላይ ባደረጉት ጥናት በተዘጋው ፍሬ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውጭው አየር እጅግ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይተዋል። በዚያ አየር ወንዶቹ ይሠራሉ፣ ሴቶቹ ግን ይደነዝዛሉ። ቀዳዳው ሲከፈትና ንጹሕ አየር ሲገባ ሴቶቹ ይነቃሉ። በዚህ ጊዜ ወንዴ አበቦቹም ደርሰዋል። ሴቶቹ ኪሳቸውን ሞልተው በወንድሞቻቸው ቀዳዳ ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያላቸው ዕድሜ ከሁለት ቀን አይበልጥም፤ በእሱም ትክክለኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ሌላ ሾላ ማግኘት አለባቸው።

ምን ያህል ይርቃሉ? ለረጅም ጊዜ ደካማ በራሪ ናቸው ተብሎ ይገመት ነበር። በናሚቢያ በረሃ በኡጋብ ወንዝ ዳር ተራርቀው በበቀሉ ሾላዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የዘረመል ጥናት ግምቱን ገለበጠው። ብናኙ በአማካይ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ተገኘ፤ ከ160 ኪሎ ሜትር ርቀት የመጣም ነበር። 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነችው ተርብ በነፋስ ተሳፍራ ነው ይህን የምትሻገረው።

ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት?

በተርቦች ዘንድ የልጅን ፆታ የምትወስነው እናት ናት። ከጋብቻዋ የተቀበለችውን የወንድ ዘር አጠራቅማ ታቆያለች፤ የለቀቀችለት እንቁላል ሴት፣ የከለከለችው ወንድ ይሆናል። ብቻዋን በገባች የሾላ ተርብ ልጆች መካከል ወንዶች ጥቂት ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከአሥር አንድ ገደማ።

እንግሊዛዊው ዊልያም ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1967 ለዚህ ማብራሪያ ሰጠ። ልጆቿ ሁሉ በአንድ ዝግ ቤት የሚዳቀሉ ከሆነ ወንድሞች የሚሻሙት እህቶቻቸውን ነው፤ እናት ብዙ ወንድ ብትወልድ ራሷን ከራሷ ጋር ማሻማቷ ነው። ሁለተኛ እናት ከገባች ግን ወንድ ልጅ የሌላይቱን ሴቶች የማግኘት ዕድል ስላለው ዋጋው ይጨምራል። በቀላሉ የሃሚልተን ቀመር ሁለት እናቶች ሲገቡ የወንዶቹ ድርሻ ከአራት አንድ፣ አራት ሲሆኑ ከስምንት ሦስት ይሆናል። ቁጥራቸው ሲበዛ ወደ ግማሽ ይጠጋል። አለን ሄሬ እ.ኤ.አ. በ1985 ከፓናማ ያወጣው መረጃ አካሄዱን ደገፈ። እናቶች ሲበዙ የወንዶች ድርሻ በእርግጥ ይጨምራል፤ ሁልጊዜ ብዙ እናቶች በሚገቡባቸው ዝርያዎችም ለውጡ ይበልጥ ከቀመሩ ጋር ይገጥማል።

ክርክሩ የተነሳው «እንዴት ታውቃለች?» በሚለው ላይ ነው። አንደኛው ወገን ተርቧ ባልንጀሮቿን ለይታ ውሳኔዋን ታስተካክላለች ይላል። ሁለተኛው ወገን መቁጠርም ማወቅም አያስፈልጋትም ባይ ነው። እናት በመጀመሪያ በብዛት ወንዶችን፣ ቀጥላ ሴቶችን ትጥላለች እንበል። አበቦቹን ከሌሎች ጋር ስትሻማ የምትጥለው እንቁላል ስለሚያንስ የሚቀነሱት የኋለኞቹ፣ ማለትም ሴቶቹ ናቸው። የወንዶች ድርሻ ያለ ምንም ስሌት ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በወጡ ጥናቶች በአንዳንድ ዝርያዎች ይህ የአጣጣል ቅደም ተከተል ታይቷል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ተርቧን ወሳኝ ያደርጋታል፤ ሁለተኛው ብልህ የሚመስል ውጤት ከቀላል ልማድ ሊወጣ እንደሚችል ያሳያል። ሁለቱ ተደራርበው መሥራታቸውም የሚቻል ነው።

ወንድም ከወንድሙ

ብናኝ የሚያመጡ ተርቦች ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይኖራሉ። በዚያው ፍሬ የሚያድጉ ብናኝ የማያመጡ አንዳንድ ተርቦች ወንዶች ግን ትልቅ ጭንቅላትና እንደ ጉጠት የሚቆርጥ መንጋጋ አላቸው። ሃሚልተን እ.ኤ.አ. በ1979 ብራዚል ውስጥ የከፈታቸውን ፍሬዎች ሲገልጽ አንገታቸውና እግራቸው የተቆረጡ ወንዶች ተቆልለው ማግኘቱን ጽፏል።

የዝምድናን ሚና ያስተማረው ሃሚልተን ራሱ ስለነበር ወንድማማቾች ባሉበት ጠቡ ይቀንሳል ተብሎ ተጠበቀ። ስቱዋርት ዌስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በርካታ ዝርያዎችን አነጻጽረው ያገኙት ሌላ ነው። የጠቡ ክብደት ከዝምድና ጋር አልሄደም። የወሰነው ወንዱ ወደፊት የሚያገኛቸው ሴቶች ብዛት ነው፤ ሴት ባነሰበት ጠብ ይከፋል። ምክንያቱም በዝግ ቤት ውስጥ ዘመድም ተፎካካሪ ነው፤ ለወንድም ማዘን የሚያስገኘውን ጥቅም ከወንድም ጋር መሻማት ያጣፋዋል። ከዳሰሳችን ጥያቄዎች ሁሉ ወደ መቋጫው የቀረበው ይህ ነው።

ውሉን ማን ያስጠብቃል?

ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ተርቧ አበቦቹን ሁሉ ከመውሰድ ምን ያግዳታል የሚለው ነው። ሌላው ብናኝ ሳታመጣ ከመውለድ ምን ያግዳታል የሚለው ነው። በብዙ ጽሑፎች ሁለቱ ተቀላቅለው ይቀርባሉ፤ ማስረጃቸው ግን የተለያየ ነው።

በመጀመሪያው ላይ የቆየው መልስ የአንገት ርዝመት ነው። አንዳንዶቹ አበቦች አጭር፣ ሌሎቹ ረዥም አንገት አላቸው፤ መርፌዋ ከአጭሩ እንጂ ከረዥሙ አይደርስም፤ አጭሩ ለእሷ፣ ረዥሙ ለዘር ተመድቧል ይላል። ሁለት ችግሮች ገጠሙት። በልኬት ሲታይ አበቦቹ በሁለት ጎራ አይከፈሉም፤ ከአጭር እስከ ረዥም ሳይቆራረጥ የሚሄድ ስርጭት ነው ያላቸው። በአፍሪካ ዝርያዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የብዙዎቹ ተርቦች መርፌ ከአብዛኛው አበባ እንደሚደርስ አሳዩ። አሳቡ ግን ጨርሶ አልወደቀም። በሾላ ላይ የሲኮፋጋ መርፌ ከአራቢከስ የረዘመ ነው፤ ረዥም አንገት ያላቸውን አበቦችም ትደርሳለች።

ሁለተኛው መልስ ከጠላት በኩል የመጣ ነው። አፖክሪፕታን የመሰሉ ጥገኛ ተርቦች ፍሬው ውስጥ አይገቡም፤ በረዥም መርፌ ግድግዳውን ከውጭ ወግተው በውስጥ ባሉት ጫጩቶች ላይ ይጥላሉ። ረዥም አንገት ያለው አበባ የዘር ቋቱ ከግድግዳው አጠገብ ስለሆነ ልጅን እዚያ ማስቀመጥ ከበር ላይ እንደማስተኛት ነው። በአውስትራሊያ በፊከስ ሩቢጂኖሳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት ወደ ግድግዳው የቀረቡት ጫጩቶች ይበልጥ እንደሚጠቁ አሳየ። ስለዚህ ተርቧ መሐል ያሉትን ትመርጣለች፤ የዳሮቹ ለዛፉ ይተርፋሉ። በዚህ አስተያየት የዛፉ ዋስ የተርቧ ጠላት ነው። ሦስተኛው መልስ ቀለል ያለ ነው፤ እንቁላሏ ወይም ዕድሜዋ አበቦቹን ሁሉ ለመሙላት አይበቃም። እናቶች በርከት ብለው በሚገቡባቸው ፍሬዎች ግን ይህ ብቻውን አይበቃም።

በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ጎልቶ የወጣው መልስ ቅጣት ነው። ሻርሎት ጃንደርና አለን ሄሬ በፓናማ ስድስት የፊከስ ዝርያዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱን አወጡ። ብናኝ የያዙና ያልያዙ ተርቦችን ለየብቻ ወደ ፍሬዎች አስገቡ። ተርቦቹ ሆን ብለው በሚያዳቅሏቸው ዝርያዎች ዘንድ ብናኝ ያላገኘ ፍሬ ብዙውን ጊዜ ይረግፋል፣ ከነተርቧ ልጆች። ካልረገፈም የሚወጡት ልጆች ያንሳሉ። ብናኙ በእርግጥም በአጋጣሚ በሚጓዝባቸው ሌሎች ዝርያዎች ግን ቅጣት አልታየም። ቅጣቱ በላላባቸው ዝርያዎች ባዶ ኪስ የሚመጡ ተርቦች ይበልጥ ተገኙ። ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ቅጣት የሚለው ቃል መጠንቀቅን ይጠይቃል። ዛፉ አታላይን ለይቶ ይቀጣል ወይስ ዘር ያልያዘን ፍሬ መጣል የማንኛውም ዛፍ ቁጠባ ነው? ልጆቹ ያነሱትስ ምግብ ስለተከለከሉ ነው ወይስ ያልተዳቀለ አበባ ቀድሞውንም ደካማ ምግብ ስለሆነ? ውጤቱ አንድ ቢሆንም ታሪኩ ይለያያል።

አታላይዋ ምን ትመሰክራለች?

ሾላ እነዚህን መልሶች ሁሉ የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው። ሴራቶሶሌን ጋሊሊ የብናኝ ኪስ አላት፤ አትሞላውም። ብናኝ ሳታመጣ ገብታ ትወልዳለች፣ ፍሬውም ልጆቿን አሳድጎ ያወጣል። ሲኮፋጋም እንዲሁ። ቅጣት አጠቃላይ ሕግ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ከሾላ ላይ በጠፉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የካሮል ከርደሉዌና የባልደረቦቿ የዘረመል ጥናት ለጋሊሊ አመጣጥ ፍንጭ ሰጥቷል። አራቢከስና ጋሊሊ አንድ ሾላ ላይ ቢኖሩም የአንድ እናት ልጆች አይደሉም። የጋሊሊ ቅድመ አያት ከሌላ ዛፍ የመጣች አዳቃይ ሳትሆን አትቀርም። አራቢከስ የማዳቀሉን ሥራ ይዛ ስለነበር እንግዳዋ ብትሰንፍም ዛፉ አልጎደለበትም። ኪሷ የቀደመ ሥራዋ ቅሪት ነው። በዚህ አነባበብ ማታለል የሚቻለው ሌላ ከፋይ ባለበት ነው። ከቻይና ዩናን አውራጃ በፊከስ አልቲሲማ ላይ ተመሳሳይ አታላይ መገኘቷ ነገሩ የሾላ ብቻ እንዳልሆነ ያመለክታል።

ሆኖም ሁለት ክሮች ይቀራሉ። አንደኛ፣ አታላይዋ ሳትከፍል ከወለደች ታማኟን ለምን አላጠፋቻትም? ሁለተኛ፣ ሾላ ዘር የሌለውን ፍሬ የመያዝ ጠባዩን ከየት አመጣው? በግብፅ ገበሬዎች ለሺዎች ዓመታት ፍሬ የማይጥሉትን ዛፎች እየመረጡ በቅርንጫፍ አራብተዋል፤ ለእነዚያ መልሱ የሰው እጅ ሊሆን ይችላል። በምሥራቅ አፍሪካ በዱር ለበቀሉት ግን ይህ አይሠራም። የዛፉ ዕድሜ በሰው ትውልዶች፣ የተርቧ በሳምንታት መቆጠሩም ይታሰብ፤ ዛፉ አንድ ጊዜ እስኪተካ ድረስ ተርቦቹ በመቶዎች የሚቆጠር ትውልድ ይተካሉ። ሩጫው እኩል ካልሆነ ዘገምተኛው ምላሽ እንዴት ይሰጣል?

አንድ ለአንድ የሚለው ሕግ

ውሉ ዘላቂ የሆነው እያንዳንዱ ዛፍ ከአንዲት ተርብ ጋር ብቻ ስለተሳሰረ ነው የሚለው አስተያየት ለብዙ ጊዜ ገዝቶ ነበር። የዕድሜው ማስረጃ ያስደምማል። በእንግሊዝ ዋይት ደሴት የተገኙ 34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ቅሪተ አካላት ከዛሬዎቹ ጋር እጅግ ይመሳሰላሉ፤ የብናኝ ኪስም አላቸው። በዘረመል ስሌት ግንኙነቱ 75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆነዋል።

የአንድ ለአንዱ ሕግ ግን ተሸርሽሯል። በፓናማ አንዲት ተርብ ብቻ አላቸው ተብለው ከታሰቡት ስምንት ዝርያዎች ቢያንስ ግማሾቹ በዓይን የማይለዩ ሁለት ሁለት ተርቦች እንዳሏቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ታወቀ። የእኛው ሌላኛው ሾላ፣ ፊከስ ሱር፣ በምዕራብ አፍሪካ በአንድ አካባቢ በሁለት ተርቦች ይዳቀላል፤ ሁለቱም ሆን ብለው። እንግዲህ ታማኝነትን የሚያስጠብቀው ጥብቅ ጋብቻ ነው ማለት አያስኬድም።

ሚዛኑ

የእስካሁኑ ማስረጃ ሲመዘን ለሁሉም ዝርያ የሚሆን አንድ ዋስ አልተገኘም። አበቦቹን በማስረፍ በኩል የጠላት ተርቦች ማስረጃ ከአንገት ርዝመት የተሻለ ሆኗል። ብናኝን በማስመጣት በኩል ቅጣት በፓናማ ጸንቶ በሾላ ላይ ይወላገዳል። ችግሩ አንዱ የሥራ ክፍፍሉ ነው፤ እዚህ በቃኘናቸው ጥናቶች ቅጣት የተፈተነው በአሜሪካ ዛፎች፣ የጠላት ሚና በአውስትራሊያ ዛፍ ሲሆን፣ ታማኟና አታላይዋ ጎን ለጎን የሚኖሩት ደግሞ በአፍሪካ ሾላ ላይ ነው። ሁሉም መልሶች በአንድ ዛፍ ላይ አብረው እስኪፈተኑ ድረስ ፍርዱ በቀጠሮ ይቆያል።

አንባቢ ግን ቀላሉን ምርመራ በቢላዋ ማድረግ ይችላል። የበሰለ ሾላ ለሁለት ተከፍሎ ሲታይ ቀዳዳ ያለባቸው ባዶ እባጮች ተርቦች የተወለዱባቸው ጎጆዎች ናቸው፤ የደነደኑት ደቃቃ ፍሬዎች ዘሮች ናቸው። ዘር ከተገኘ በዚያች ጠባብ በር ቢያንስ አንዲት ታማኝ ገብታለች። እባጭ ብቻ ከሆነ የገቡት ሁሉ ባዶ እጃቸውን ነበሩ።